ከኋላዬ ማን ነው?

ጠባሴ ላይ ሐምሌ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣
መብራት ሄዶ ሦስት ቀን፣ ጉሙ ቤት ሊገባ
በሩን እየገፋ፤ አራት ሆነን እኛ
አንዲት ሻማ ከበን፣ ሁላችን ሰይፈኛ።
ንጋቷ አምስተኛ፣ ተረኩን ነጋሪ፣
ወንዝና ተራራ በቃሏ ፈጣሪ።

ዳይስ ከየት ይመጣል? ንጋቷ ባቄላ
ሃያ ፍሬ ቆጥራ፣ ቁጥር ጽፋ ኋላ፣
ከሱፍ ካልሲ ውስጥ ከታ አቀረበች፤
አሥራ ሰባቷ ግን በመጀመሪያው ማታ ሞተች፤
አውላቸው ርቦት ቆርጥሟት ነበረ፤
ዕድላችን ካልሲው ውስጥ ጎዶሎ ሆኖ ቀረ።

አራት ሰይፍ፣ አራት ሻለቃ።
"ሐኪሙስ ማን ይሁን?" ስትል፣ ሳቅ ሆነ በቃ።
ማን ቅጠል ሊለቅም፣ ማን ጨርቅ ሊሸከም?
ሁሉ ሞፈር ቆርጧል፣ ዘር የያዘ የለም።

በሬሳን ስንሻገር፣ ከድልድዩ ሥር ጅብ፤
ቀንድ የለው፣ ክንፍ የለው፣ ሰው የሚያውቀው ረሃብ።
ሁሉም ፎከረ፣ ሁሉም ብቻውን ገጠመ፤
ጅቡም እንደ አውላቸው
አራታችንን ቆረጠመ።

ንጋቷ ወረቀታችንን ለሻማው ልትሰጥ አለች፤
ከዚያ ተወችው፤ ወረቀት ተወዷል፤
ስማችንን በላጲስ አጠፋች።

በማግሥቱ ክርክር። ክርክር ብል ያንሳል፣ የርስት ክፍፍል ነበር።
ምንተስኖት ቀስቱን ያዘ፣ ከሩቅ መውጋት ነው የሱ ነገር፣
ክፍል ውስጥም ከኋላ ነው፣ መልስ እያቀበለ የማይጠየቅ።
አውላቸው አስማት መረጠ፤ በቀን ሦስት ቃል፣ እንደ ወርቅ
ቋጥሮ የሚያስቀምጠው፤ "ምናልባት ይከፋ ይሆናል" እያለ
አንዱንም ሳያወጣ ስንት ሌሊት ዋለ።
ጋሻውን ጥላዬ ወሰደ፤ ማንም አልለመነው።
"ስሜም እኮ ይኸው ነው" አለ። "ከኋላዬ ማን ነው?"

እኔ ነበርኩ። ከተረፈው ሥራ ጋር የተረፍኩ፤
ማር፣ ቅጠል፣ የጨርቅ ጥቅል፣ ከረጢት አንጠለጠልኩ።
አኩርፌ ነበር፣ አልዋሽም፤ ሰይፌን እያሰብኩ።
እነሱ ጠላት ሲቆጥሩ፣ እኔ እነሱን ስቆጥር፣
"ስንት ቀረህ?" ማለት ሆነ
የሌሊቴ ሁሉ ነገር።

አራተኛው ሌሊት ጣርማ በር፣ ከዋሻው ደጃፍ ደረስን፤
አይሱዙ እየነፋ የሚያልፍበትን ያን ቀዝቃዛ ጨለማ፣
ንጋቷ ዘንዶ አስተኛችበት፤ "ጉሙ ትንፋሹ ነው" አለችን፤
አመንን፤ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ አንቀጠቀጠ ሻማ።

ጥላዬ ቀድሞ ገባ። ስንት ቀረህ? "አሥራ አንድ።"
ማሩን ለአውላቸው ሰጠሁ፣ ጨርቁን ለምንተስኖት ክንድ።
ስንት ቀረህ? "አሥራ አንድ አልኩህ፤ ሌላውን እይ።"
ዘንዶው ሞቶ፣ ቀስቱ ሲወደስ፣ አስማቱ ሲወጣ ሰማይ፣
የጥላዬን ወረቀት ወደ ሻማው አስጠግቼ
ሁለት የሚል ቁጥር አየሁ።
ዝም አልኩ፣ ከረጢቴን አንግቼ።

ከዚያ ጥቅምት መጣ በውርጩ። ፈረቃው ተቀየረና
ብርድ ልብስ ፋብሪካው ጥላዬን ማታ ማታ ወሰደው።
የተቀመጠባት የቢራ ሳጥን ባዶዋን ቀረችና
"ጋሻው ማን ይሁን?" ስትል ንጋቷ፣ ሻማው ብቻ ነው የመለሰው።
ምንተስኖት ቀስቱን አየ፤ አውላቸው ጣሪያውን፤ እኔ ከረጢቴን።
ለካ ሁላችንም ኋላ ነን፣
ፊት የሚባል ከሌለን።

ጎህ ሲቀድ ፋብሪካው በር ላይ፣ ከጥበቃው ማዶ ቆምኩ፤
ሠራተኛው ሲፈስ፣ መሐል ለመሐል ፈለግኩ።
መጣ። ሱፍ ቅንድቡ ላይ፤ ትከሻው አንድ ጎኑ የወረደ።
"ስንት ቀረህ?" አልኩት።
ቆመ። የሳቀ መሰለኝ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።
"አሥራ ሰባት" አለኝ፤
ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ተሰለፈ።