የቤት ቁጥር

ዐሥራ ስድስት ዓመት ከመስኮቱ ኋላ፣
ስም ስጽፍ፣ ስም ስሰርዝ፣ ካርድ በካርድ ስሞላ፣
ጥያቄዬ አራት ነው፤ አንድም ቀን አልሳሳት፦
ሙሉ ስም። ዕድሜ። ቀበሌ። የቤት ቁጥር። እሳት
ቢነድባቸው እንኳ፣ ወባ ቢንጣቸው፣
አራቱን ሳይመልሱ ማን ካርድ ሊሰጣቸው?

ሩቅያ ዳውድ መጣች። ነሐሴ ነው፤ ጭቃ።
ልጇ ከጀርባዋ፣ ዐይኑ ብቻ ነቃ፣
ሆዱ ግን ከበሮ፣ ቆዳው ተወጥሮ።
«የቤት ቁጥር?» አልኳት፣ እንደ ልማዴ፣ እንደ ድሮ።
«ከደንገሉ ወዲህ፣ ታንኳ ከሚታሰርበት።»
«ቁጥሩን ነው የምልሽ።»
                «ቁጥርማ፣ የለንበት።»

በእስክሪብቶዬ ጫፍ ጠረጴዛ መታሁ።
«ቀጣይ!» አልኩ። ያን ቃል እስከ ዛሬ መች ረሳሁ?

አግዳሚው ላይ ቦታ ነበር። አንድ ሰው ነው የያዘ።
ጠጋ ስትል ያ ሰው ጋቢውን ሰብስቦ ተጓዘ።
ማንም ምንም አላለ። እኔም ምንም አላልኩኝ።
ዝምታም ማመልከቻ ነው፣ ማኅተም ያለው፤ ፈረምኩኝ።

ከተማዋ ባሕር ዳር ናት፤ ዳርነት ስሟ ነው፣
ዳር ያለውን ሰው ግን ማየት የተሳናት ምነው?

ከዚያ በፊትማ መጥተው ነበር፣ ከነድምፅ ማጉያ፣
ከነኮፍያቸው፣ ከነውሎ አበል፣ ከነማስታወቂያ።
የነገደ ወይጦ ደንገል አጫጆች ከጣና አልወጡም።
«ደም ወስደው ይሄዳሉ፤ ውጤት ግን አያመጡም»
አለ ጋሽ ሸረፉ፣ ታንኳውን እየጠፈረ፣
ቀና ሳይል፣ ጣቱ ከቋጠሮው እንዳለ፣ እንደታሰረ።

ሲስተር ውዳላት ባዶ እጇን ሄደች፣
ከእርጥቡ ደንገል ላይ፣ ከነነጭ ልብሷ፣ ተቀመጠች።
«ምን ይሻላችኋል?» ብላ ዝም አለች፤ ጠበቀች።
በሦስተኛው ቀን አንዲት ልጅ ከእናቷ ኋላ ሳቀች፦
«መስኮቱ ላይ ያለውን ሰውዬ ለውጡልን።»

ያ ሰውዬ እኔ ነኝ።

ሳምንት ሙሉ ተቆጣሁ፦ «እኔ! ደንብ አስከባሪ!»
በስምንተኛው ቀን ሄድኩ፤ ጭቃው ጫማ ቀባሪ።
ወይዘሮ የሺሃረግ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣
ቀድማኝ ደርሳለች፤ እጇ ላይ አንድ ጣሳ ቀለም ነበር፣
ከድንኳን ብረት የተረፈ፣ ሰማያዊ፣ ግማሹ የደረቀ።
«የደንገል ግድግዳ ቀለም አይዝም» አለ ሸረፉ፤ ሳቀ፤
ያረጁ መቅዘፊያዎቹን ከጓሮ ጎትቶ አወጣ።
ቁጥር ጻፍንባቸው፣ ከየደጁ ተከልን፤ ዝናብ መጣ፣
ሦስቱን አጠበ፤ እንደገና ጻፍን።

«ሲሞት ልንቀብር ተማምለናል» አለች የሺሃረግ፣
«እንዳይሞት ብንማማልስ? ምን ይጎዳናል ብናደርግ?»

ቁጥሮቹን ማዘጋጃ ቤት አያውቃቸውም፤ ካርታ ላይ የሉም።
እድሩ ዋስ ፈረመ። ስድስት አባላት ለቀቁ፤
«ከእነሱ ጋር ድንኳን አንጋራም» አሉም።
እስካሁን አልተመለሱ። ወንበራቸው ታጥፎ ቆሟል፣
አቧራውን የሺሃረግ በየወሩ ትጠርገዋለች።

ሩቅያ ተመለሰች። ልጁ ዛሬ በእግሩ ነው።
በእንጨት ቁመቱን ለክተው ክኒኑን ቆጠሩለት።
«ሆዱ ጎድሏል» አለች ሲስተር፣ «ሐይቁ ግን ያው ነው።
ልጅን ከጣና ማን ይከለክለዋል? በዓመቱ ይምጣ፣ እንደግምለት።»

«የቤት ቁጥር?» አልኳት፣ ማወቄን እያወቀች።
«ሰባት!» አለች፣ ከአግዳሚው ጫፍ እስኪሰማ፤ አልሳቀች።
እስክሪብቶዬ ቀለም ጨርሶ ኖሮ ሁለቴ ጫንኩት፣
ሰባቱ ካርዱን ሊበሳ ምንም አልቀረው፤ እንዲያው ተውኩት።

አግዳሚው ዛሬም ያው ነው፤ ሦስት ሰው ይይዛል።
ቀና ብሎ መቁጠር አሁን ለምዶብኛል፦
አንዳንድ ቀን አንድ። አንዳንድ ቀን ሁለት።
ትናንት ሦስት ነበሩ፣ ትከሻ ለትከሻ።
ዝናብ ነበር፤
ዝናቡ ይሆናል።