የሰኔ ቤንዚን

ሰኔ ላይ ቦርከና ሲሞላ ፓምፑን ጎትቼ አወጣሁ፤
ኬሻ አልብሼ፣ ከነቤንዚኑ፣ ጓዳ አስተኛሁ።
በሰልፍ የተገዛ ነው፤ ለማፍሰስ ሳሳሁ።

ኅዳር ላይ ሽንኩርቱ ሲጠወልግ አየሁ።
ገመዱን ሳብኩ፤ ሳብኩ፤
አንዴ አሳለውና ዝም አለ።

የኮምቦልቻው አረቡ ካርቡራተሩን ፈቶ፣
ሙጫውን በጥፍሩ ጭሮ፣ አሽትቶ፦
«ይሄ ማር አይደል፣ ቢቆይ የማይከፋ!
ቧንቧውን ዘግተህ አስነሳው፤ ጠጥቶ ጨርሶ ይጥፋ።
ባዶ ሆዱን የተኛ ነው በበጋ የሚነሳ።»
ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ፤ ምክሩ በነፃ።

ማዶ የይማም ፓምፕ ያጓራል።
ከሰኔ ወዲህ በድንበር ተኳርፈናል።
አንድ ቦይ ውሃ ልለምነው አጥሩ ሥር ቆምኩ፤
ሰላምታዬን ሳብኩ፤ ሳብኩ፤
አንዴ አሳለኝና ዝም አልኩ።

ደግሜ ሳብኩ።