የሐረጎ ድንጋይ

ከሚሌ ጀምሮ አስፋልት ሲጠብሰው የዋለ፣
ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ እንደ ቂም አየለ።
ባቲ ስንደርስ ረዳቴ እንድሪስ ወረደ፣
ብረቱን ጨብጦ በየጎማው ሄደ።
ሃያ ሁለት ጎማ፣ አንድ በአንድ እየመታ፣
ጆሮውን አዘንብሎ እየቆየ ለአፍታ።
«ይኼ ይናገራል፣ ይኼም መልስ ይሰጣል፣
ተሳቢው ላይ፣ በግራ፣ የውስጡ ግን ድምፁን ይውጣል።»

እኔ ግን ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ነበርሁ፣
ከሻይ ቤቱ ጓሮ በቱቦ እየሳብሁ።
ሃያ ሊትር ናፍጣ፣ አንድ ጄሪካን ሙሉ፣
«የባለቤቱ ነው፤ ሁሉም ያደርጋሉ።»
አፌ ላይ የቀረው የናፍጣው ቅምሻ
አብሮኝ ወረደ ከምሳዬ ጉርሻ።

ኮምቦልቻ መሸ። ጎሚስታው አራጋው
ሚስማር ነቀለና መዳፉ ላይ ዘረጋው፤
«ይህችን ይዘህ» አለኝ፣ «ሐረጎን ልትወጣ?
ጎማ እዳ አይረሳም፤ ዳገት ላይ ነው የሚቆጣ።»
ከፈልሁት። እንድሪስ ዝም ብሎ አየኝ፤
ጆሮ ያለው ልጅ ነው፣ ጆሮው አስፈራኝ።
ማደያው በር ላይ ካርቶን ተሰቅሏል፦
«ናፍጣ የለም» ይላል።
«ያደርሰናል» አልሁ።

አራት መቶ ኩንታል ማዳበሪያ ከኋላ፣
ከሸራው ስር ደግሞ የነጋዴ ሩዝ ሌላ፤
ሚዛን ያላየው፣ ደረሰኝ የሌለው፣
እኔና ነጋዴው ብቻ የምናውቀው።
ሐረጎ ግን ዳገት ነው፤ ሐረጎ አያፍርም፣
የጫንኸውን ቆጥሮ ሳይነግርህ አይቀርም።

በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን፣
ጭጋግ እየበላን፣ ኩርባ እየቆጠርን፣
አምስተኛው ላይ ሞተሩን ሳል ያዘው፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠረው።
ለደሴ የጎደለን ስንት ነው?
ሃያ ሊትር ነው።
ባቲ፣ ሻይ ቤት ጓሮ፣ የተውሁት ያው ነው።

ፍሬኑን ረገጥሁት፤ ጭነቱ ግን ሳበን፣
ደሴ እየራቀች ቁልቁለቱ ጠራን።
ዞር ስል በሩ ክፍት ነው። ልጁ የለም።
ድንጋይ ሲንከባለል፣ ብረት ሲያቃስት፣ ከዚያ ዝም።
«አብሽር ጋሼ! ይዞታል፣ አይሄድም!»

ሌሊቱን እዚያው ነን። ሊነጋጋ ሲጀምር
ሙሄ የሚባል የውጫሌ ሾፌር
ከራሱ መኪና በአፉ ስቦ ሰጠኝ፤
ገንዘብ ሳወጣለት እንትፍ ብሎ ሳቀብኝ፦
«ዳገት ላይ አይሸጥም።»

ደሴ ገባን፣ ነጋ። ጦሳ ላይ ብርሃን ወጣ።
ሻይ አዘዝሁ፤ ልጁ ግን ቁጭ ብሎ ሊጠጣ
አልቻለም። «ድንጋዩ» አለ። «መንገዱ ላይ ቀረ።»
ቁልቁል የሚወርድ ሚኒባስ ላይ ሰፈረ።
«ሌላ ሰው ያነሳዋል» ልለው አፌን ከፈትሁት፣
የናፍጣው ቅምሻ መጣ። ቃሌን መልሼ ዋጥሁት።

እኩለ ቀን ግድም መጣ፣ ጥፍሩ ተላልጦ፣
ጉልበቱ ድረስ አቧራ ለብሶ፣ በላብ ረጥቦ።
«አነሳሁት» አለ። ሌላ ምንም የለም።
ሻዩን አሙቀው አመጡለት ዳግም።

ብረቱን ያዝሁና በየጎማው ሄድሁኝ፣
እሱ ብርጭቆውን ይዞ ከሩቅ እየሰማኝ።
ተሳቢው ላይ፣ በግራ፣ መትቼ ላልፍ ስል
«እስኪ ድገመው» አለኝ።