ያልማለው ምስክር

ሌሊት ስድስት ሰዓት ይማም ደወለልኝ፣
የጦሳ ጭጋግ ወርዶ መስኮቴን ሲይዝብኝ።
«አደራ» አለ፣ «አደራ፣ ሙዚቃህ አፍ አያውጣ፤
ገዳዩ በዐሥራ ሦስት ነው ከተደበቀበት የሚወጣ።»

ምስሉን በፍላሽ ሰደደ፤ ድምፅ የሌለው ችሎት፣
የመምህራን ማኅበር አዳራሽ፣ በቀን ኪራይ የሆነ ፍርድ ቤት።
ዳኛው ጡረተኛ ናቸው፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ፣
ካባው ሰፍቷቸው ይጎተታል፣ ሲቀመጡ ግን አስፈሪ።
ወለላ ሳጥኑ ውስጥ ቆማለች፣ ባሏን ገድላለች ተብላ፣
የዐቃቤ ሕጉን ጣት ፈርታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።
ከኋላዋ ሦስተኛ ወንበር፣ የሟች ወንድም አራጋው፤
ጥቁር ሸሚዝ፣ ነጭ መሐረብ፣ እንባው ፊቱን ሲነካው።

ገዳዩ እሱ ነው። ይማም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤
ሦስት ቁልፍ የሞተበትን ኪቦርዴን አፉን እይዛለሁ።

እኛ ጋ ቅኝት ጎረቤት ነው፤ በታክሲ ይደረሳል አገሩ፣
ባቲ በምሥራቅ ቁልቁለት፣ አምባሰል በሰሜን በሩ።
ለዳኛው አምባሰል ሰጠሁ፣ ቀስ ብሎ ሽቅብ የሚወጣ፤
ለወለላ ባቲን፣ ቆላ ወርዶ ጥላ ያጣ።
አንቺ ሆዬ ለነፍሰ ገዳይ ያምር ነበር፣ ይቆረቁራል፤
እሱን ብሰጠው ግን ሕዝቡ ወዲያው ጣቱን ይቀስራል።
እናም ለአራጋው ትዝታ፣ በሰኞ ገበያው አሊጋዝ ማሲንቆ፣
ጥፋቱን በሐዘን ሸፍኜ፣ ተመልካች እንዲያዝንለት ተሳቆ።

ችሎት የቆመ ሁሉ ይምላል፣ በመጽሐፉ፣ በቁርኣኑ፤
በመስቀለኛ ጥያቄ ይወልቃል ሽፋኑ።
እኔ ግን ሳልምል መሰከርኩ፣ ያውም ዐሥራ ሁለት ሳምንት፣
ማንም ሳይቃወመኝ፣ በሰው ጆሮ እየገባሁ በየሌሊት።

የመጨረሻው ክፍል ደረሰ። ፍርዱ ሊነበብ ነው።
እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ወንድሜ የሞተ ጊዜ ችሎት ተቀምጫለሁ፣ እዚሁ ደሴ፤
ፍርድ ሲነበብ ከበሮ አልተመታም፣ ክራር አልመጣም ለነፍሴ።
የፖሊሱ የቁልፍ ዘለላ። ወረቀት ሲገለጥ።
ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲሮጥ።
ከደጅ አንድ ታክሲ፣ «ሆጤ! ሆጤ!» የሚል ረዳት፤
እናቴ ጆሮዋን አዘንብላ፣ «ስንት አሉ?» ስትለኝ፣ «ስንት?»

ባዶ ተውኩት።
ዘጠና ሰከንድ። የቁልፍ ዘለላ ብቻ፣ ከሩቅ፤
ወረቀት፣ ቆርቆሮ፣ ዝናብ፤ አራጋው ሲነሣ፣ ሲወድቅ።
ይማም ጮኸ፣ «ድምፁ ተቆርጧል!» «አልተቆረጠም» አልኩት፣
«ለዳኛው ነው የተውኩት።»

በተላለፈበት ምሽት ቧንቧ ውሃ ነበርኩ፣ እትዬ ዘይነባ ቤት።
ያ ዝምታ ሲመጣ ልጃቸው ሙሄ ተነሥቶ
ቴሌቪዥኑን ጎኑን በጥፊ መታው። ሳቅን።
«ተወው፣ ደኅና ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሹራባቸው ሳያነሡ፤
«ደግሞ ገዳዩን በሦስተኛው ክፍል ነው ያወቅሁት።»
«በምን?» አልኩ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ።
«በማሲንቆው። ወለላን ነካ አርጎ አለፋት፣ እሱን ሦስቴ ደባበሰ፤
እንዲህ የሚሸፋፍኑት ልጅ፣ አንድ ነገር አለ የሰበረ፣ ያፈሰሰ።»

ክሩን ወደ መብራቱ አስጠግተው ቆጠሩ፤
የተሳሳተ ዙር አገኙ መሰለኝ፣ ዝም ብለው ተረተሩ።