ቁልፍ

ቀኝ እጄ አርባ ዓመት ሲያበላኝ ነበረ፣
አንድ ማክሰኞ ንጋት ሳይሰናበተኝ ቀረ።
ጫማዬን ላጠልቅ ብዬ ጎንበስ ስል ከአልጋ፣
የሌላ ሰው እጅ መስሎ ጭኔ ላይ ተዘረጋ።
ደም ነው አሉ ሐኪሞች፤ አናቴ ውስጥ ፈሶ፣
ለጣቶቼ የሚላከውን ቃል ከነመንገዱ አፍርሶ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጣሊያን በሠራው ፎቅ ሥር፣ ፒያሳ መሐል፣
ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ዳኛ በልኩ አልብሼዋል፤
ዛሬ የእኔን ሸሚዝ ሚስቴ ትቆልፈዋለች፣
ስትጨርስ፣ ትምህርት ቤት እንደምትልከው ልጅ፣ ደረቴን መታ ታደርጋለች።

ማስተዋል ትባላለች፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ያገኘኋት፤
የአዘዞ ልጅ ናት፤ ስትቸኩል አንድ ቀን አላየኋት።
ደህናውን፣ ግራ እጄን፣ በወፍራም ካልሲ አሰረችው።
"ምን አጠፋ?" አልኳት።
"ማገዙ" አለች፤ "ጥፋቱ እሱ ነው።
ደህናው ሁሉን ሲሠራ የታመመው ሥራውን ይረሳል፣
አንጎልም ጠያቂ ያጣ ቤት ለሌላ ያከራያል።"

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ቁልፍ ገለበጠች፤
የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ የድሮ ወታደር ነሐሱ።
"ያንሱ" አለች፣ "አንድ በአንድ፤ ወደ ጣሳው ይመልሱ።"

አንደኛው ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ።
ሦስተኛው ከጣቴ ጋር ተናንቆ ወንበር ሥር ዘለቀ።
አየኋት፣ ታነሳልኝ እንደሁ ብዬ። አላነሳችም።
"ለምን ወደቀ?" አለችኝ እንጂ አልተቆጣችም።
"አውራ ጣቴ ዘገየ።"
"እንግዲህ አወቁት።"
ጣሳውን ዛሬ ቀኝ፣ ነገ ግራ፣ አንዴም መስኮቱ ደፍ ላይ ታኖረዋለች፤
"ቤትዎ ሲወድቅ የት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል?" ትላለች።

መቶ። ሁለት መቶ። እስከ ምሳ ሦስት መቶ ስድስት።
መርፌ ቀዳዳ ክር እንደሚፈልግ ሰው ምላሴን ነክሼ።

ፈንታሁን ትዝ አለኝ፤ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ከደንቢያ ያመጣሁት፣
ስፌት ባጠመመ ቁጥር ጣቱን በሜትር እንጨት የመታሁት፤
ቁልፍ ሲስት ነጥቄ እኔው የተከልኩት።
ስድስት ዓመት ኪስ መስፋት አቃተው። "ሰነፍ" አልኩት።
ለካ ያለ ካልሲ እጁን ያሰርኩት
እኔ ነበርኩ።

"የሞተው ይነሳል ወይ፣ አናቴ ውስጥ?" ብዬ ጠየቅኋት፤
"አይነሳም" አለች። አልዋሸችም፤ ለዚያ ወደድኳት።
"የሞተው ሞቷል። ጎረቤቱ ነው ሥራውን የሚማረው፣
ቀስ ብሎ፣ በድግግሞሽ፣ እርስዎ በጠየቁት ልክ ነው።"
ሳቄ መጣ። ይሄንንማ እኔም አውቃለሁ፤
ስንት የተተረተረ ኮት ጠግኛለሁ!
በድሮው ቀዳዳ መርፌ ቢመለስ ጨርቁ ይዘነጠላል፤
ጎኑ ነው፣ ጤነኛው ነው፣ ክር የሚይዘው፤ ስፌቱ በዚያ ይቀጥላል።
አያምርም። ይይዛል።

አምስተኛው ሳምንት ላይ እጄ ቆመ፤ ወደፊት የለም፣ ወደ ኋላ የለም።
"ይተኙ" አለችኝ። "የቀኑን ስፌት የሚያጠብቀው እንቅልፍ ነው።"
ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ፣ አለች ሚስቴ፣ ጣቶችህ ብርድ ልብሱን ሲለቅሙ ነበር።

መስከረም ላይ ሱቄ ሄድኩ። ፈንታሁን መኪናዬ ላይ ተቀምጧል፣
ፂሙ ሸብቷል።
የራሴን ሸሚዝ፣ ስድስት ቁልፉን ከፍቼ፣ ፊቱ ቆምኩ።
እጁን ሰደደ።
"ተው" አልኩት።
ሁለት መዳፎቹን ጭኑ ሥር ቀበረና ዝም አለ።
ዝናብ መጣ፣ ቆርቆሮውን መታ፣ አባራ፤
እኔ አራተኛው ላይ ነበርኩ።

ስድስተኛው ሲገባ ኮሌታዬ ተንጋደደ፣ አንዱ ጎን ረዘመ።
ፈንታሁን አየ። ዋጠው። ኋላ ግን፣ በዝግታ፣
"ጋሼ፣ ለምን ተጣመመ?"
"ከታች አንዱን ዘልዬ ነው የጀመርኩት።"
"እንግዲህ…" አለና ተወው፤
እጆቹ አሁንም ጭኑ ሥር ናቸው።

በቀኜ፣ በዚያው እጅ፣ ስድስቱንም ፈታሁ።
ከታች ጀመርኩ።