ማፍጠኛ

ከታይዋን ገበያ፣ ከሽቦ ክምር ሥር፣
ማፍጠኛ ካርድ ገዛሁ በሁለት መቶ ብር።
«ዋርያ» አለኝ ሻጩ፣ «ይቺን የሰካህ ለት፣
ሽማግሌ ሣጥን ይዘላል እንደ ወጣት።»

ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ፣ ከኢፍቱ መጻፊያ ቤት፣
«ውል፣ ማመልከቻ፣ ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ያለበት፣
አንዲት ኮምፒውተር አለች፣ ከኢፍቱ ልጅ በዕድሜ ትበልጣለች፤
የስምንት ሰዓት ፀሐይ ሲበረታ ደክሟት ትቆማለች።
አንድ ገጽ እስክትከፍት ሻይ ያስጠጣል ጊዜዋ፤
ያፏጫል፣ አስም እንዳለበት፣ ከሆዷ ማራገቢያዋ።

ከፈትኋት። አቧራ ነፋሁ፤ የደቻቱ አሸዋ ነው፣
ወንዙ ውኃ ሲያጣ ከተማውን በነፋስ የሚጎበኘው።
ካርዷን ከቀዳዳው አስጠጋሁ፤ ጠበባት፤ ገፋሁ፤ እሺ አለች።
ማሽኗ አንዴ ጮኸች፣ ሁለቴ ጮኸች፣ ሮጠች።

ገጹ ሳይጠሩት ከች ይላል፣ ሳይነኩት ይዘጋል፤
ኢፍቱ እጇን ካፏ ላይ ጭና «አቦ፣ ይሄስ ያስፈራል!»
እኔ ግን ሙት ያስነሳሁ ያህል ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ፣
ሂሳቤን ሳልቀበል ገና ቀዝቃዛ ለስላሳ አዘዝሁ።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ ሙሴ ወርዶፋ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፤
ለጡረታ ቢሮው አቤቱታ ሊያስጽፉ፣ ይኼ ዐሥራ አንደኛ።
«ጡረታ» አሉ። ኢፍቱ መታች።
«ጥርት» አለ ስክሪኑ።
«ባቡር» አሉ። «ብብር።»
«ወርዶፋ» አሉ፣ ስማቸውን። «ውርድፍ።»
ካዕቡ የለ፣ ራብዑ የለ፤ ፊደል ሁሉ እጅ እግሩን ተቆርጦ
ሳድስ ብቻ ሆኖ ተሰልፏል፣ ድምፁን ውጦ።

ገባኝ። የፊደሉ ፕሮግራም የዱሮ ሰው ነው፤
አንድ ቁልፍ ሲነካ ለአናባቢዋ ጥቂት ይቆያል፣
የሚቆየውም በልቡ ቆጥሮ ነው።
ካርዷ ቆጠራውን አጣደፈችው፤
የኢፍቱ ሁለተኛ ጣት ሳይደርስ በሩ ተዘጋ።

ነቀልሁ፣ ሰካሁ፣ አጠፋሁ፣ አበራሁ።
ላቤ ኪቦርዱ ላይ ጠብ አለ።
«ድራይቨሩ ነው» አልሁ።
«ነጂውን ተወው» አሉ ሙሴ ወርዶፋ።
«እኛም ጋ መጥቶ ነበር፣ አዲስ ሎኮሞቲቭ፣ ጉልበተኛ፤
ሐዲዱ ግን የጥንቱ። ኩርባው ላይ
ሦስት ፉርጎ ጨው ደፋን።
ነጂውን ከሰሱት። ሐዲዱን ማን ጠየቀው?»
ከዚያ ስክሪኑን ደግመው አይተው ሳቁ፦
«የኔ ጡረታ እንደሁ ጥርት ብሎ ከጠፋ ቆየ፤
ማሽንሽ ሐሰት አልጻፈችም።»

ካርዷን አወጣሁ።
ማሽኗ ተነፈሰች፣ አቃሰተች፣ ዘገየች።
«ጡ» ወጣ። ማራገቢያው አፏጨ። «ረ» ወጣ።
ሙሴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ጠበቁ፤
መጠበቅ እሳቸውን አያስቸግራቸውም።

ታይዋን ተመለስሁ። «ማሽንህ ናት» አለኝ ሻጩ፤ ብሬን አልመለሰም።
ካርዷ አሁን ከኢፍቱ ጠረጴዛ አጭሩ እግር ሥር ናት፤
እዚያስ ተስማምታለች።