የሚረጋ ዘይት

ሌሊት ስድስት ሰዓት። ፒያሳ ተኝቷል።
የመጨረሻው ባጃጅ ማራኪ ወርዷል።
ጋሽ ዳምጤ ሒሳቡን ሁለቴ ቆጥረው፣
ወጡ፤ የዓሣው ሽታ አልተከተላቸው።

እኔና መጥበሻው። ስድስት ዓመት ሙሉ
እንዲህ ነው ሌሊቱ፣ እንዲህ ነው ውሉ፦
የፈላ ውሃ ቀድቼ፣ ዘይቱን አስከትዬ፣
ወደ ማጠቢያው ጉሮሮ። "ሂድ" ብዬ፣ "ሂድ" ብዬ።
ጉሮሮው ተጉመጥምጦ ሁሉንም ይውጣል፤
ከዓይን የራቀ ነገር ከልብም ይርቃል።

ዘይቱን ታውቁታላችሁ። የሚረጋው ነው፤
በሸማቾች ሱቅ ተሰልፈን ያገኘነው፤
ቀን ከምድጃው ላይ ወርቅ መስሎ የሚያበራ፣
ሌሊት ከደጅ ቢያድር ሻማ የሚሠራ።
የጎንደር ብርድ ደግሞ አይምርም ሌሊቱን፤
ከመሬት በታችም ያገኘዋል ዘይቱን።

በጥር መባቻ፣ እንግዳ በበዛበት፣
ከተማው ለከተራ ሽር ጉድ ባለበት፣
ጠዋት በሩን ስከፍት ወለሉ እርጥብ ነው፤
ጫማዬ ተለጠፈ። ምንድን ነው? ምንድን ነው?
ስድስት ዓመት የዋጠው ጉሮሮ ተፋ፤
እስከ መንገዱ ድረስ ግም አለ፣ ከረፋ።
ጎረቤት ልብስ ሰፊው ይመር "ማሽኔን!" አለ፣
ጨርቁን በክንዱ ታቅፎ ወደ ውጭ ዘለለ።
እሱ ግን፣ ፍሳሹ፣ በቦዩ ዳር ወርዶ፣
ጉዞ ጀምሮ ነበር ወደ ቀሃ ነጉዶ።

ከውሃና ፍሳሽ አንድ ሰው ላኩልን፤
ስሙን ጠየቅነው፤ "እንየው" አለን።
ጋሽ ዳምጤ ተቆጡ፦ "ምኑን ነው የምናይ?
ክፈተው፣ ጥረገው፣ እንግዳው ሳያይ!"
"ስሜ ነው" አለ፣ ሳቀ፤ ክዳኑን በድጅኖ
ፈልቅቆ አነሣው፣ በጉልበቱ ሆኖ።
እጁን እስከ ብብቱ አስገብቶ ጎተተ፤
ሽቦው ታጠፈ፣ ተቃና፣ ተንሸራተተ፤
ወጣ፦ ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ በግ ላት ያለ፣
የዓሣ እሾህ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ፀጉር ያዘለ፣
የቱቦውን ክብ ልክ ይዞ የጠነከረ፣
ካስፋልቱ ላይ ወድቆ ድም ብሎ የቀረ።

ሰው ከቦ ያያል። አንዱ "ጨጓራ ነው" ይላል፤
ሌላው አፍንጫውን ይዞ ፎቶ ያነሣል።
እኔ ግን አወቅሁት።
"ሂድ" ብዬ የላክሁት፣
ሌሊት በሌሊት ላይ አንድም ሳይጎድል ተነባብሮ፣
ከእግሬ ሥር፣ አሥር እርምጃ እንኳ ሳይርቅ ኖሮ።

እንየው ቀና አለና አየኝ፤ አልተቆጣም።
"ሙቅ ውሃሽ፣ እህቴ፣ ሙቅ ሆኖ አይመጣም።
ካንቺ ያሸሸዋል፤ እኔ ጋ ያረጋዋል።"
ጓንቱን ሲያወልቅ አየሁ፤ ጣቶቹ ቆሳስለዋል።
"ቤት ስገባ" አለ፣ "ልጆቼ ከደጅ
ይጠብቁኛል፣ ሳሙና ይዘው በእጅ።"
"ቤትህስ የት ነው?" ብለው፣ "ሳሙና በር፤
ሳይታጠብ የሚያድር የለም በኛ ሰፈር።"

ከዚያ ወዲህ መጥበሻው ሲበርድ እጠብቃለሁ፤
ባሮጌ ጋዜጣ ጠርጌ ፍርፋሪውን አነሣለሁ፤
ዘይቱን በወንፊት አጥልዬ ጀሪካን እሞላለሁ።
ቅዳሜ ጠዋት ሰንበቴ መጥታ ትወስዳለች፤
በሶዳ አፍልታ፣ ቆራርጣ፣ ሳሙና ታደርጋለች።
ጠይም ነው፣ ሸካራ ነው፣ ይሸታል ትንሽ ዓሣ፤
አንዱን ለእንየው ላክሁ፤ እኔው እንዳልረሳ።

ጋሽ ዳምጤ "ለጀሪካን ደግሞ ብር?" ይላሉ።
ይበሉ።

ግን ትናንት ማታ፣ መብራቱን ሳጠፋ፣
ከማዶው ምግብ ቤት አንድ ድስት ሲደፋ
ሰማሁ፤ ተንደቅድቆ ከሥሬ አለፈ፤
ገና ትኩስ ነበር፤ የትም አላረፈ።
ነገ እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር
አላውቅም። እኔ ማን ነኝና ልመክር?
በሩን አንኳኩቼ፣ "ምን ፈለግሽ?" ሲሉኝ፣
ከደጃቸው ያለውን ክብ ብረት በጣቴ አሳይቼ፣
አንዲት ቃል፦
እንየው።